ጭን ሲከፈት፦ ከመጽሐፉ የተለዩ ደም ቅዳዎችን ሳያበላሹ የማግኛና የመመዝገቢያ ዝርዝር መመሪያ

የአናቶሚ አዳራሽ ውስጥ በየዓመቱ የምሰማው ቅሬታ አለ። «መምህር፣ የኛ ካዳቨር ችግር አለበት።» ሄጄ ሳይ ካዳቨሩ፣ ማለትም ለትምህርት የሚከፈተው አስከሬን፣ ምንም አልሆነም። ከአንድ ግንድ ይወጣል ብለው የጠበቁት ቅርንጫፍ ከሌላ ግንድ ወጥቷል፤ በቃ። አንዳንዴ ደግሞ እኔ ከመድረሴ በፊት ቅርንጫፉ ተቆርጦ ባልዲ ውስጥ ገብቷል። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ጭን ለመክፈት ለተዘጋጁ የሕክምና ተማሪዎች ነው። መንገዱን ከብሽሽት ጀምረን እስከ ጉልበት ጀርባ እንወርዳለን። ሁለት ነገር ብቻ ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል። አንደኛ፣ ቅርንጫፍን የምትጠሩት በሚሄድበት ቦታ እንጂ በሚነሳበት ቦታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁለቱንም ጫፍ ያላያችሁትን ነገር አትቁረጡ።

መጀመሪያ መንገዱን በጭንቅላታችሁ ያዙ

ደም ከሆድ ወደ እግር የሚወርደው በውጨኛው ኢሊያክ ደም ቅዳ ነው። ይህ ቧንቧ በብሽሽት ጅማት ሥር ሲያልፍ ስሙ ይቀየርና ፊሞራል ይባላል። ብዙም ሳይሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጅማቱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከኋላና ከውጭ በኩል አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ይሰጣል። ፕሮፈንዳ ፊሞሪስ ይሉታል፤ ጥልቁ የጭን ደም ቅዳ ማለት ነው። የጭኑን ጡንቻ በዋናነት የሚመግበው እሱ ነው። ፊሞራሉ ራሱ ከዚያ በኋላ እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው። ጭን ውስጥ ብዙ ሳያወርድ ወደ ጉልበት ያልፋል።

ከፕሮፈንዳ ሁለት ሰርከምፍሌክስ ደም ቅዳዎች ይወጣሉ። የጭን አጥንትን የላይኛውን ክፍል አንዱ በውጭ፣ ሌላው በውስጥ በኩል ይዞሩታል። ፕሮፈንዳው ከዚያ እየወረደ ወደ ኋላ የሚበሱ ቅርንጫፎችን ይሰጣል።

መጽሐፉ ላይ ያለው ይኼ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን የሁሉም ሰው አይደለም። ሁለቱም ሰርከምፍሌክሶች ከፕሮፈንዳ የሚወጡባቸው እግሮች ከግማሽ በላይ ናቸው። በቀሩት እግሮች ላይ አንዱ፣ አልፎ አልፎም ሁለቱም፣ በቀጥታ ከፊሞራል ይነሳሉ። ስለዚህ ስድስት ሰባት ጠረጴዛ ባለበት አዳራሽ ውስጥ አንዱም ላይ ባይገኝ ነው የሚገርመኝ።

ዕቃ

ስካልፔል፣ የቀዶ ሕክምና ቢላዋው፣ ለቆዳ ብቻ ነው። ቆዳው ከተነሳ በኋላ አስቀምጡት፤ እጃችሁ ላይ ካለ መቁረጥ ያምራችኋል። ዋናው መሣሪያችሁ ጫፉ ደነዝ የሆነ መቀስ ነው። ተዘግቶ ይገባል፣ ውስጥ ይከፈታል፣ ሥጋውን ሳይቆርጥ ይለያያል። ጥርስ የሌለው ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ)፣ ማስመሪያ፣ ከተገኘ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ እርሳስና ወረቀት ጨምሩ።

ደግሞ ክር። ከሱቅ የምትገዙት ተራ የጥልፍ ክር ይበቃል፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ። ቀዩን ለደም ቅዳ፣ ሰማያዊውን ለደም መልስ፣ ቢጫውን ለነርቭ። ሳምንት ቆይታችሁ ስትመለሱ ፎርማሊን ሁሉንም አንድ ዓይነት ቡናማ አድርጎ ይጠብቃችኋል። ያኔ ክሩ ነው የሚያስታውሳችሁ።

ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። ያለ ትምህርት ክፍሉ ፈቃድ አስከሬን ፎቶ አይነሳም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ነው። በዚያ ላይ በእጁ የሣለ ተማሪ ፎቶ ካነሳው ይልቅ ያያል። ይኼ ያረጀ ሰው ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ሞክሩት።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ትርታ ፈልጉ

ይህን ቤት ሥሩት፣ አልጋ ላይ በጀርባችሁ ተኝታችሁ። ከቀበቶ ዝቅ ብሎ ጎናችሁ ላይ የሚወጣውን የዳሌ ሹል አጥንት በአንድ ጣት ያዙ። በሌላው እጅ ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት የሚጋጠሙበትን ቦታ ያዙ። መሃላቸውን ገምቱና ከብሽሽቱ እጥፋት ላይ ሁለት ጣት ጫን አድርጉ። ይመታል። ያ ፊሞራል ነው።

ፈተና ላይ የሚጥል ነገር ልንገራችሁ። ይህ ነጥብ የብሽሽት ጅማቱ መሃል አይደለም። ጅማቱ ውስጥ በኩል የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ሳይሆን ከሱ ጎን ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ነው። ስለዚህ የጅማቱ መሃል ትንሽ ወደ ውጭ ይወድቃል። ልዩነቱ ጣት አይሞላም፤ ግን ለመለካት ስትነሱ መነሻችሁ አንድ መሆን አለበት። ካዳቨሩ ላይም ይህንኑ ነጥብ በስፒል ምልክት አድርጉበት፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቆዳና ስብ

እግሩን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ወደ ውጭ አዙሩት። ብሽሽት ላይ ቆዳው ቀጭን ነው፤ ስካልፔሉን አትጫኑት። ስቡ ውስጥ ከውስጥ በኩል የሚወጣ ረጅም ደም መልስ ታገኛላችሁ፤ ታላቁ ሳፌነስ ነው። ተከትላችሁት ብትወጡ ጥልቁን ሽፋን በስቶ የሚገባበትን ቀዳዳ ያሳያችኋል። እዚያው አካባቢ ወደ ሆድ፣ ወደ ዳሌ ጫፍና ወደ ብልት አቅጣጫ የሚሄዱ ክር የሚያካክሉ ደም ቅዳዎች አሉ። ሁሉንም ማዳን አትችሉም። አንዱን እንኳ ከነመነሻው አስቀሩ፤ ፊሞራልን ስትፈልጉ እሱ ይመራችኋል።

ደረጃ 3፦ ሦስት ማዕዘኑን ክፈቱ፣ ደም መልሱን አጽዱ

ጥልቁ ሽፋን ሲነሳ ሦስት ማዕዘኑ ይታያል። ላይ የብሽሽት ጅማት፣ ውጭ ሳርቶሪየስ፣ ውስጥ አዳክተር ሎንገስ የሚባሉ ጡንቻዎች። ሳርቶሪየስ ስሙ ከልብስ ሰፊ ነው የመጣው፤ እግር አጣምሮ የሚቀመጥ ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ጡንቻ ነው ብለው ነው። አትቁረጡት። በጣታችሁ ፈልቅቁና ወደ ውጭ ገፋ አድርጉት።

ከውጭ ወደ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ነርቭ፣ ደም ቅዳ፣ ደም መልስ ነው። ደም ቅዳውና ደም መልሱ አንድ ከረጢት ይጋራሉ። ነርቩ ከከረጢቱ ውጭ ነው፤ ገና ከመግባቱ እንደ መጥረጊያ ይበተናል።

አሁን ትዕግሥት የሚፈልገው ሥራ መጣ። ደም ቅዳዎቹን የሚሸፍኑት ደም መልሶች ናቸው። በተለይ አንዱን እወቁት። የውጨኛው ሰርከምፍሌክስ ደም መልስ በፊሞራልና በፕሮፈንዳ መካከል፣ ከፕሮፈንዳው ፊት ለፊት፣ አግድም ያልፋል። ልክ የበር መወርወሪያ ነው። ቀዶ ሐኪሞች ፕሮፈንዳን ለመያዝ ሲገቡ ሳያዩት ቀድደውት ደም በደም የሚሆኑት እዚህ ጋ ነው። እናንተ ካዳቨር ላይ ልትቆርጡት ትችላላችሁ፤ ግን መጀመሪያ ደም መልስ መሆኑን አረጋግጡ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሲጫኑት ይተኛል፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ጥቁር የረጋ ደም አለው። ደም ቅዳ ግን በሁለት ጣት መሃል ስታንከባልሉት ክብነቱን አይለቅም፤ የበሰለ ፓስታ ይመስላል። እስኪለምዳችሁ ድረስ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁልጊዜ አንከባልሉ።

ደረጃ 4፦ ፕሮፈንዳን አግኙ

ፊሞራሉ ሥር ቀይ ክር አሳልፉና ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ ሳቡት። ከኋላው የሚወጣ ወፍራም ቅርንጫፍ ካለ ክሩ ሲሳብ አብሮ ይወጠራል። መቀሱን ዘግታችሁ አስገቡ፣ ክፈቱ፣ አውጡ። ደጋግሙት።

ሲገኝ ሁለት ነገር ትመዘግባላችሁ። አንደኛው ርቀት ነው፤ ከስፒሉ ጀምራችሁ በደም ቅዳው ርዝመት ላይ እስከ መነሻው ድረስ ለኩ። ማስመሪያ ግትር ስለሆነ ክር ዘርግታችሁ ክሩን መለካት ይሻላል። አንዳንድ ሰው ላይ ፕሮፈንዳው ከጅማቱ ሥር ገና ከመውጣቱ ይነሳል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ወርዶ ወርዶ ነው የሚገኘው። ዝቅ ብሎ ሲነሳ ተማሪዎች «የለም» ብለው ይጽፋሉ። የለም ከማለታችሁ በፊት እስከ ሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ድረስ ውረዱ።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላና ከውጭ ነው። ልክ ከኋላ፣ ልክ ከውጭ፣ በጣም አልፎ አልፎም ከውስጥ በኩል የሚነሳ አለ። ብዙ ጽሑፎች አቅጣጫውን በሰዓት ይገልጹታል። እኔ አልወደውም። አንድ ዓመት አንድ ቡድን «ሦስት ሰዓት ላይ» ብሎ ጻፈልኝ። ግማሾቹ በሀበሻ፣ ግማሾቹ በፈረንጅ ሰዓት ነበር ያሰቡት። ቀኝና ግራ እግር እንደ መስታወት የሚገለባበጡትን ሳንጨምር ማለት ነው። በግልጽ ቃል ጻፉ፦ ከኋላ፣ ከኋላ ውጭ፣ ከውጭ፣ ከውስጥ።

ደረጃ 5፦ ሁለቱ ሰርከምፍሌክሶች

መመሪያው የተጻፈው በዚህ ደረጃ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ቀስ እንበል።

በውጨኛው ጀምሩ፤ ይቀላል። ምልክቱ መሄጃው ነው። በሳርቶሪየስና በሬክተስ ፊሞሪስ ጡንቻዎች ሥር ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሲሄድም በፊሞራል ነርቭ ጭራሮዎች መካከል ይሾልካል። ነርቮቹን በቢጫ ክር ሰብስባችሁ ያዙ እንጂ አትቁረጡ። ከዚያ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ዳሌ ይወጣል፣ አንዱ አጥንቱን ይዞራል፣ አንዱ በጭኑ ውጨኛ ጡንቻ ላይ ወደ ጉልበት ይወርዳል። ወራጁን ልብ በሉት። ከጭን ፊትና ጎን ቆዳ ከነደም ሥሩ አንስቶ ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ የመትከል ዘዴ በ1984 ከቻይና ከተገለጸ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ተለምዷል፤ ያ ቆዳ የሚኖረው በዚህች ቅርንጫፍ ነው። ወራጁ አንዳንዴ ለብቻው ከፕሮፈንዳ ወይም ከፊሞራል ይነሳል። ያኔ «ውጨኛው ሰርከምፍሌክስ ሁለት ግንድ አለው» ብላችሁ ጻፉ፤ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ስም የለሽ አታድርጉት።

የውስጠኛው ተንኮለኛ ነው። ገና ከመነሳቱ በኢሊዮሶአስና በፔክቲኒየስ ጡንቻዎች መካከል ወደ ኋላ ይጠልቃል። የምታዩት አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ጨለማ ነው።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ቡድናችን ውስጥ ፈጣን እጅ ያለኝ እኔ ነበርኩ፤ ፈጣን እጅ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ በሽታ ነው። ፊሞራልን ሳጸዳ ከፕሮፈንዳው ከፍ ብሎ፣ ከጀርባና ከውስጥ በኩል፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ቅርንጫፍ አገኘሁ። መጽሐፉ እዚያ ቦታ ላይ የሚያሳየው ወደ ብልት የምትሄድ ትንሽ ቅርንጫፍ ነው። «እሷ ናት» አልኩና ቆረጥኳት። ከዚያ ፕሮፈንዳውን ይዘን የውስጠኛውን ሰርከምፍሌክስ ፍለጋ ገባን። አንድ ሰዓት ሙሉ። የለም። መምህራችን መጡ፣ ቁራጯን አዩ፣ ሌላኛውን ጫፍ በፎርሴፕስ ይዘው ሳብ አደረጉት። በፔክቲኒየስ ጎን ሾልኮ ወደ ኋላ ሲሄድ እኛም አየነው። «ይቺስ ወዴት ነበር የምትሄደው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከፊሞራልም ሆነ ከፕሮፈንዳ ወደ ውስጥና ወደ ኋላ የሚሄድ ማንኛውም ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር እሰሩ። ስም አትስጡት። መጨረሻውን ተከተሉ። ፔክቲኒየስን በጣት ወደ ውስጥ ገፋ ስታደርጉ ቅርንጫፉ በሱና በኢሊዮሶአስ መካከል ከጠለቀ የውስጠኛው ሰርከምፍሌክስ ነው፤ ከየትም ይነሳ። ከጡንቻው ፊት ለፊት ተሻግሮ ወደ ብልት ቆዳ ከሄደ ያቺ ትንሿ ናት። መነሻቸው ጣት ለጣት ሊጠጋጋ ይችላል፤ መድረሻቸው ግን አይገናኝም።

ይህቺ ቅርንጫፍ ተራ አይደለችም። አዋቂ ሰው ላይ የጭን አጥንት ራስ ደም በዋናነት የሚያገኘው ከሷ ነው። ጥልቁ ቅርንጫፏ በዳሌ ጀርባ በኩል ዞሮ የአጥንቱን አንገት ተለጥፎ ይወጣል። አያታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ወድቀው የዳሌያቸው አንገት ሲሰበር ሐኪሞች የሚጨነቁት አጥንቱ አይገጥምም ብለው ብቻ አይደለም። እነዚህ ቀጫጭን ቧንቧዎች ከተቀደዱ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ይሞታል።

ደረጃ 6፦ ወደ ኋላ የሚበሱት ቅርንጫፎች

አዳክተር ሎንገስን ከመነሻው ወረድ ብላችሁ ቁረጡና ገልጡት። ፕሮፈንዳው ከጀርባው ሲወርድ ይታያል። ወደ አጥንቱ ተጠግተው አዳክተር ማግነስ የሚባለውን ጡንቻ እየበሱ ወደ ኋላ የሚያልፉትን ቁጠሩ። በልማድ ሦስት ናቸው፣ የፕሮፈንዳው መጨረሻ አራተኛ ይባላል። ቁጥሩ ይለያያል፤ አትጨነቁበት። ከፊት የቆጠራችሁትን በኋላ ካዳቨሩ ሲገለበጥ ከጀርባ ደግማችሁ ቁጠሩት። ካልተስማማ የጀርባውን እመኑ።

ደረጃ 7፦ ቦዩና ቀዳዳው

ሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ስትደርሱ አንድ አፍታ ቁሙ። እዚህ ቦታ ከፊት ወደ ኋላ ፊሞራል ደም ቅዳ፣ ፊሞራል ደም መልስ፣ የፕሮፈንዳ ደም መልስ፣ ፕሮፈንዳ ተደርድረዋል፤ በመሃል አዳክተር ሎንገስ አለ። ሥጋ ሲቆርጥ ቢላዋ አምልጦት እዚህ የተወጋ ሰው በአንድ ውጋት አራቱንም ሊያጣ ይችላል።

ከዚህ በታች ፊሞራሉ በሳርቶሪየስ ሥር ወዳለው ቦይ ይገባል። የቦዩን ክዳን በመቀስ ሰንጥቁ፤ አብሮ የሚወርደው ነርቭ ሳፌነስ ነርቭ ነው። ለንደን ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ሃንተር በ1785 ከጉልበት ጀርባ ደም ቅዳው ያበጠበትን አንድ ጋሪ ነጂ ያከመው እዚህ ቦታ ላይ ፊሞራልን በማሰር ነው። እግሩ አልሞተም። በፕሮፈንዳና በጉልበት ዙሪያ ባሉ ቅርንጫፎች በኩል ደም መንገድ አገኘ። ቦዩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ፕሮፈንዳውን በትክክል መሣል ለምን ዋጋ እንዳለው ከዚህ ታያላችሁ፤ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ተለዋጩ እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ደም ቅዳው በአዳክተር ማግነስ ቀዳዳ አልፎ ወደ ጉልበት ጀርባ ይገባና ፖፕሊቲያል ይባላል። እስከዚያ ድረስ መጠኑ ብዙም እንዳልቀነሰ አረጋግጡ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እናየዋለን።

ደረጃ 8፦ ገልብጡትና መቀመጫውን እዩ

ፊሞራሉ እየቀጠነ ሄዶ ጭኑ ውስጥ ከጠፋ መቁረጥ አቁሙና አስተማሪ ጥሩ። ብርቅ ነገር ሊሆን ይችላል።

ፅንስ ውስጥ እግርን መጀመሪያ የሚመግበው ከፊት የሚመጣው ደም ቅዳ አይደለም። ከኋላ፣ በመቀመጫ በኩል፣ ከሳያቲክ ነርቭ ጋር የሚወርድ ደም ቅዳ ነው። ፊሞራል ኋላ ላይ ያድግና ሥራውን ይረከበዋል። የኋለኛው ይከስማል፤ የቀረው ቁራጭ የመቀመጫ ታችኛው ደም ቅዳና የፖፕሊቲያል አካል ሆኖ ይቀጥላል። ርክክቡ ሳይሆን የቀረባቸው ሰዎች ግን አሉ። ከአሥር ሺህ ሰው ጥቂቶች ላይ ብቻ ነው የሚታየው። መጀመሪያ የተገለጸው በ1832 ነው። እነዚህ ሰዎች ላይ የእግር ዋና ደም በመቀመጫ በኩል ይወርዳል። ሲቀመጡ የሚጫኑት እሱን ስለሆነ ከዕድሜ ጋር ማበጥ ያመጣል፤ ጎኑ ያለውን ነርቭ ሲጫነው ደግሞ ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል። በሕይወት ያለ ሰው ላይ የሚያጠራጥረው ምልክት ደስ ይላል፦ ብሽሽት ላይ ትርታ የለም ወይም ደካማ ነው፣ እግር ጫፍ ላይ ግን ይመታል።

ስለዚህ ፊሞራሉ ጤነኛ ቢመስልም ካዳቨሩ ሲገለበጥ ሳያቲክ ነርቩን ተከትላችሁ ውረዱ። ከነርቩ ጋር ክር የምታክል ደም ቅዳ ማግኘት የተለመደ ነው። እርሳስ የሚያክል ካገኛችሁ ያልተለመደውን አግኝታችኋል።

ደረጃ 9፦ መመዝገብ

መጀመሪያ ሣሉ፤ ከዚያ ለኩ፤ ስም በመጨረሻ ስጡ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። ስም ቀድሞ ከመጣ እጃችሁ መጽሐፉን ይሥላል።

ለእያንዳንዱ እግር አንድ ወረቀት ያዙ። ላዩ ላይ ቀኝ ወይም ግራ፣ ወንድ ወይም ሴት፣ ዕድሜው ከታወቀ ዕድሜ። ሥሩ የፕሮፈንዳ ርቀትና አቅጣጫ፣ የሁለቱ ሰርከምፍሌክሶች መነሻ፣ በጋራ ግንድ ከተነሱ የግንዱ ርዝመት፣ የሚበሱት ቅርንጫፎች ቁጥር። እያንዳንዱን ርቀት ሁለት ሰው ለየብቻ ይለካ፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያያችሁ ሦስተኛ ሰው ጥሩ።

ተቆርጦ የጠፋ ካለ «ተቆርጧል» ብላችሁ ጻፉ። «የለም» አትበሉ። ሁለቱ ቃላት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ውፍረት ከለካችሁ ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ደም ቅዳ እንደ ሕያው እንደማይሆን አስታውሱ፤ ከአልትራሳውንድ ቁጥር ጋር አታወዳድሩት። ደግሞ አሥር ካዳቨር አይታችሁ «ኢትዮጵያውያን ላይ ይህን ያህል በመቶ» ብላችሁ አትጻፉ። ይኼን በየመመረቂያ ጽሑፉ አያለሁ። ሃያ እግር ሃያ እግር ነው። አሥራ አራቱ እንዲህ ነበሩ፣ ስድስቱ እንዲህ ብሎ መጻፍ በቂና ጨዋ ነው።

ለሕያው ሰው ምን ይጠቅማል?

በ1953 ስዊድናዊው ሐኪም ሴልዲንገር መርፌ፣ ሽቦና ቀጭን ቱቦ አከታትሎ ወደ ደም ቅዳ የሚገባበትን ዘዴ ካሳየ ወዲህ ብሽሽት የልብ ሐኪሞችም በር ሆኗል። መርፌው ማረፍ ያለበት ፊሞራል ሳይከፈል በፊት፣ የጭን አጥንት ራስ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ላይ ነው። ከኋላው አጥንት ስላለ ሲጨርሱ ተጭኖ ደም ማቆም ይቻላል። ከጅማቱ በላይ ከተወጋ ደሙ ሆድ ጀርባ ውስጥ ይፈሳል፤ ማንም ሳያየው። ከመከፈያው በታች ከተወጋ የሚደገፍበት አጥንት የለም፣ እብጠትም ይከተላል። ፕሮፈንዳው ከፍ ብሎ የሚነሳበት ሰው ላይ እንግዲህ ትክክለኛው ቦታ ጠባብ ነው። ለዚህ ነው አልትራሳውንድ ያለው ሰው መርፌ ከማንሳቱ በፊት መሣሪያውን ብሽሽት ላይ አግድም አስቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚያንሸራትተው። አንዱ ክብ ሁለት ሲሆን ያ መከፈያው ነው። ወደ ላይ ይመለሳል።

ሆስፒታል ስትገቡ ደግሞ ስም ያደናግራችኋል። ከፕሮፈንዳ በታች ያለውን ፊሞራል ሐኪሞች «ሱፐርፊሻል ፊሞራል» ይሉታል። ሱፐርፊሻል አይደለም፤ ጡንቻ ሥር ነው ያለው። ለደም ቅዳው ስሙ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። አብሮት የሚሄደውን ደም መልስ በዚሁ ስም ሲጠሩት ግን አንዳንድ ሰው ላይ ላዩን ያለ መስሎት ውስጡ የረጋ ደም ሲገኝ ችላ ይላል። ጥልቅ ደም መልስ ነው፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ግራው

ቀኙን ጨረሳችሁ እንበል። ክሮቹን አትፍቱ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ አስቀምጡና ለግራው አዲስ ወረቀት አውጡ። የአንድ ሰው ሁለት እግሮች ሊለያዩ ይችላሉ። ቀኙን የከፈተው ልጅ ይቀመጥ፤ ምን እንዳገኘም አይናገር። ስካልፔሉን ለሌላ ሰው ስጡ።